ጤፍ አበባ አለው ወይስ የለውም? ልጄ «አለው» ብሎ ተሰረዘበት

የአራት ኪሎ እናት | ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ተክል የምታውቁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የመጣሁት። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ምን ሆንክ ስለው ደብተሩን አወጣ። «የሚያብቡ ሦስት ተክሎች ጻፍ» ለሚለው ጥያቄ አደይ አበባ፣ ባቄላ፣ ጤፍ ብሎ መልሷል። ጤፍ የሚለው በቀይ ተሰርዟል። «ጤፍ ሣር ነው፣ ሣር አበባ የለውም» ተብሏል።

ልጁ ዝም ብሎ የጻፈው አይደለም። ለመስቀል አድአ አያቱ ዘንድ ሄደን ነበር። አያቱ ማሳው ዳር ቆመው «ጤፉ አበበ» ሲሉ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ግን ሁለታችንም ዓይናችን ያየው አበባ የለም።

ማን ነው ልክ? መምህሩን ከማናገሬ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። መምህሩን ለማሳፈር አይደለም። ልጁ እጁን ማውጣት እንዳይተው ብዬ ነው።

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ደብተሩ ላይ «ባለ አንድ ክክ» እና «ባለ ሁለት ክክ» የሚል አለ። ክክ ሲባል እኔ የማውቀው የአተር ክክ ነው። ይገናኛል እንዴ?

ሌንስ | ማክሰኞ ማታ 2፡38

እህቴ፣ ልጅዎ ልክ ነው። ጤፍ ያብባል። ስንዴም፣ ገብስም፣ በቆሎም፣ ስድስት ኪሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ሰርዶም ያብባል። ሣር ፍሬ ካፈራ፣ ከዚያ በፊት አብቧል ማለት ነው። አያቱ ያሉት እውነት ነው።

ስለ ክክ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ቃሉ የመጣው በቀጥታ ከማድ ቤት ነው። አተር ሲከካ ለሁለት ይከፈላል። እነዚያ ሁለት ግማሾች የተክሉ የመጀመሪያ ቅጠሎች ናቸው። ዘሩ ውስጥ ሆነው ስንቅ ይዘው ይጠብቃሉ። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ለዚህ ነው ባለ ሁለት ክክ የሚባሉት።

ስንዴ ግን ለቅንጬ ሲከካ ዝም ብሎ ይሰባበራል። እንደ አተር ለሁለት እኩል አይከፈልም። ውስጡ ያለው የመጀመሪያ ቅጠል አንድ ብቻ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ሙዝ፣ እንሰት፣ ኮረሪማ፣ ዘንባባ፣ ቀርከሃ እዚህ ወገን ውስጥ ይገባሉ።

የቀሩትን ምልክቶች ባጭሩ ልጻፍለት። ሥራቸው እንደ ጢም የተበተነ ነው። የቅጠላቸው ጅማት እንደ ደብተር መስመር ጎን ለጎን ይሄዳል። የአበባቸው ክፍል በሦስት በሦስት ይቆጠራል። ግንዳቸው ሲቆረጥ ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች እንደ ነጠብጣብ ተበትነው ይታያሉ። ባለ ሁለት ክኮቹ ላይ ግን በክብ ተሰልፈው ነው የሚገኙት።

ይህን የመጨረሻውን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ሸንኮራ ግዙለት። አኝኮ ሲተፋው እጁ ላይ የሚቀረው ክር ሁሉ ከእነዚያ ቱቦዎች ነው።

የጤፍ ዛላ | ማክሰኞ ማታ 3፡25

ልጄ ሌንስ በደንብ አስረድቷል። እኔ ስለ ጤፍ አበባ ልጨምር። ብዙ ዓመት ደብረ ዘይት በጤፍ ማዳቀል ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ፒያሳ ነው የምኖረው።

እመቤቴ፣ እርስዎና ልጅዎ አበባውን ያላያችሁት ስለሌለ አይደለም። ሰዓቱ አልፎ ነው። የጤፍ አበባ የሚከፈተው ጠዋት ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ይዘጋል። ቁርስ በልታችሁ ማሳ ስትደርሱ ሥራውን ጨርሷል።

ይህች ሰዓት ትልቅ ታሪክ አላት። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። አበባው እንደተዘጋ ያልቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ሁለት ዝርያ ማዳቀል እንደማይቻል ነበር የሚታመነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባው ማለዳ እንደሚከፈት አገኙ። ከዚያ ወዲህ በማጉያ መነጽር ሥር ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል ተቻለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ የዚያ መንገድ ፍሬ ነው። አንዱ ወላጁ ብዙ ምርት የሚሰጥ ነበር። ሌላው ነጭ ፍሬ ያለው ማኛ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ማልዶ ተነስቶ ባያይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አሁን አበባው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ዛላ ያዙ። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ጠፍጣፋ ትናንሽ ቅንጣቶች ተመልከቱ። አንዷ ቅንጣት አንድ አበባ አይደለችም። አንድ ቤተሰብ ናት። ከሥሯ ሁለት ቅርፊቶች እንደ በር ይቆማሉ። ከነሱ በላይ አበቦቹ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ እንደ ጉንጉን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ አበባ የራሱ ሁለት ልብስ አለው። አንዱ ከውጭ ያቅፋል፣ አንዱ ከውስጥ።

ልብሱን በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ብትገልጡ ሦስት ክሮች ታያላችሁ። እያንዳንዱ ክር ጫፉ ላይ ከረጢት ተሸክሟል። የአበባ ዱቄቱ ያለው እዚያ ነው። ሦስት መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ሌንስ ያለው የሦስት ቁጥር ይኸው። መሐል ላይ ነገ ጤፍ የምትሆነው እንቁላል መያዣ አለች። ከራሷ ላይ ላባ የመሰሉ ሁለት ነገሮች ወጥተዋል። ዱቄቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ከሥር ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚገርሙኝ ሁለት እብጠቶች አሉ። ከአሸዋ ያንሳሉ። ማለዳ ውሃ ሲሞሉ ይነፋሉ። ሲነፉ ሁለቱን ልብሶች ገፍተው ያራርቃሉ። አበባው ተከፈተ የምንለው ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሲቀንስ ይሟሽሻሉ፣ ልብሱም ይገጥማል። እነዚህ እብጠቶች በሌላ አበባ ላይ የምናውቃቸው የሚያማምሩ የአበባ ቅጠሎች ምትክ ናቸው። ሣር የአበባ ቅጠሉን አልጣለም። አሳንሶ በር መክፈቻ አደረገው።

ለምን አሳነሰው? አደይ አበባ ቢጫ የለበሰው ንብ ለመጥራት ነው። ሣር የአበባ ዱቄቱን ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ነፋስ ደግሞ በቀለም አይመጣም። ጤፍ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስም ሳያስፈልገው እዚያው ውስጥ ይጨርሳል።

አውድማ ላይ ጤፍ ሲመረት ነፋስ የሚወስደው እብቅ ታውቁታላችሁ አይደል? የዚያ አበባ ልብስ እኮ ነው። አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ገደማ ፍሬ አለው። አንድ ኪሎ 3 ሚሊዮን ማለት ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከአንድ አበባ የመጣ ነው። እንጀራ የሚበላ ሰው ሁሉ ስንት አበባ እንደቀረበለት ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጠመኔ | ማክሰኞ ማታ 3፡50

እኔ መምህር ነኝ። ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ክፍል። እህቴ፣ ሲሄዱ ደብተሩን ብቻ ይዘው አይሂዱ። ያበበ ሣር ይያዙ። በዚህ ወቅት በየመንገዱ ዳር አለ። ልጁ ራሱ ለመምህሩ ያሳየው። እኛ መምህራን አንዳንዴ አበባ ስንል ቀለም ያለውን ብቻ እናስባለን፤ በዚያው ተምረን በዚያው እናስተምራለን። እኔ ይህንን የጤፍ ዛላ የጻፉትን ነገ ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ነው። ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?

የጤፍ ዛላ | ማክሰኞ ማታ 3፡54

በደስታ፣ መምህር። ከቻልክ አጉሊ መነጽር ይዘህ ግባ። አንድ ካለህ ለአርባ ልጅ ይዳረሳል።

ስፕሪስ | ረቡዕ ጠዋት 4፡05

እኔ ስታዲየም አካባቢ ጁስ ቤት ነው የምሠራው። ትናንት ማታ አንብቤ ዛሬ ጠዋት ሙዝ ስልጥ ሞከርኩት። ሙዙን ጫፉ ላይ በጣቴ ጫን ስለው ለሦስት ተሰነጠቀ! ስንት ዓመት ስልጥ አንድ ቀን አላየሁትም። ይሄ ያ የሦስት ቁጥር ነው?

ሌላ ደግሞ ግራ የገባኝ አለ። አቮካዶ ፍሬው ለሁለት ይከፈላል፤ ባለ ሁለት ክክ ነው እሺ። ግን ሰፈራችን ያለ የአቮካዶ ዛፍ ሲያብብ አይቻለሁ፣ አበባው ስድስት ቅጠል ነው ያለው። ባለ ሁለት ክክ በአራት ወይ በአምስት ነው የሚቆጠር ብለው ነበር ያስተማሩን። ቡናስ? ሁለት ፍሬ ስላለው ነው ባለ ሁለት ክክ የሚባለው?

ሌንስ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡20

ወንድሜ፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። ሙዙ አዎ። ፍሬው የተሠራው ከሦስት ክፍል ነው፤ የምትሰነጥቀው በመገጣጠሚያቸው ላይ ነው። ኮረሪማም ሲቆረጥ ውስጡ ሦስት ክፍል አለው።

ከቡናው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ቡና ባለ ሁለት ክክ ነው፣ ግን ባልከው ምክንያት አይደለም። ቀዩ ፍሬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ፍሬዎች ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሽል፣ የራሳቸው ሁለት ክክ አላቸው። ቡና ሲበቅል ብታይ ዘሩን እንደ ባርኔጣ ተሸክሞ ይወጣል፤ ባርኔጣው ሲወልቅ ሁለት ክብ ቅጠል ይዘረጋል። ክኮቹ እነሱ ናቸው።

የአቮካዶው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፣ እኔም ሁለተኛ ዓመት ስደርስ ነው የገባኝ። አቮካዶ በእርግጥ በሦስት ነው የሚቆጠር። ስድስት የአበባ ቅጠል፣ ዘጠኝ ወንዴ ክር። ክኩ ግን ሁለት። የአበባ ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ብታየውም የተለመዱት ባለ ሁለት ክኮች ያላቸው ሦስት መውጫ፣ ማለትም ዱቄቱ ሲበቅል ቱቦው የሚወጣበት ቀዳዳ፣ የለውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሚያብቡ ተክሎችን በሁለት ሳጥን መክፈል የድሮ አሠራር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተክሎችን ዲኤንኤ ማነጻጸር ሲጀመር ባለ አንድ ክኮቹ እውነተኛ አንድ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። ከአንድ እናት የወጡ ናቸው። ባለ ሁለት ክክ የሚባሉት ግን አንድ ቤተሰብ አልሆኑም። አብዛኞቹ፣ ባቄላም፣ ቡናም፣ አደይ አበባም፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። አቮካዶና ቁንዶ በርበሬ ግን ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ክክ መሆን የሁሉም የጥንት ጠባይ ነው። አንዱን ክክ የጣሉት የሣርና የሽንኩርት አያቶች ናቸው። ስለዚህ በሦስት መቆጠር ብቻውን አያስፈርድም። ክኩን፣ ጅማቱን፣ ግንዱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ለሰባተኛ ክፍል ሁለቱ ሳጥኖች ይበቃሉ። አንተ ግን አበባ ቆጥረህ ስለመጣህ ሙሉውን መስማት ይገባሃል።

ሰንደዶ | ረቡዕ ማታ 1፡30

እኔ ስፌት እሰፋለሁ፤ እናቴም አያቴም ሰፊ ነበሩ። ይህን ሳነብ እጄ የሚያውቀውን ነገር ምክንያት አገኘሁለት። አክርማውንም ሰንደዶውንም ስንሰነጥቅ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድልን። የጎመን ቅጠል እንደዚያ ልሰንጥቅ ብትሉ ይቦጫጨቃል። ለካ ጅማቱ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ነው! ለሆሳዕና ዘንባባ ሰንጥቀን ለልጆች ቀለበትና መስቀል የምንሠራውም በዚሁ ነው ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ሣር ነው አይደል?

የጤፍ ዛላ | ረቡዕ ማታ 2፡15

እህቴ፣ እጅዎ ከእኛ መጽሐፍ በፊት ያውቅ ነበር።

ቄጠማው ዘመድ ነው እንጂ ሣር አይደለም። እሱም ባለ አንድ ክክ ነው፣ ቤተሰቡ ግን ሌላ ነው። መለየት ቀላል ነው። ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያንከባልሉት። ሦስት ጠርዝ ከተሰማዎት ቄጠማ ነው። የሣር ዘንግ ክብ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት አንጓ አለው፣ በአንጓዎቹ መሐል ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ቅጠሉንም ይዩ። ሣር ቅጠሉን ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ያወጣል። ቄጠማ ወደ ሦስት አቅጣጫ ያወጣል። የሣር ቅጠል ዘንጉን የሚያቅፍበት አፎት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት እንደ ነጠላ ተደራርቦ ይገጥማል። የቄጠማው ግን እንደ እጅጌ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ገበያ ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ይሸጣሉ፤ በዓል ሲመጣ ልጆቻችሁን አስለዩዋቸው።

ስለ ሣር እድገትም አንድ ልበል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንላለን። ሰርዶ ግን አህያዋም እያለች፣ ሞታም ይበቅላል። ሌላ ተክል የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉን ፍየል ከበላው ይቆማል ወይ ጎን ያወጣል። ሣር የሚያድግበት ቦታ ከታች፣ ከቅጠሉ ሥርና ከአንጓው በላይ ነው። ከብት ጫፉን ሲበላ ማደጊያው ቦታ ከጥርሱ በታች ይተርፋል። ዝናብ መትቶት የተኛ ጤፍም ከአንጓው ላይ ታጥፎ ቀና ለማለት የሚታገለው በዚሁ ነው።

የእማማ ጋን | ሐሙስ ጠዋት 3፡40

ጠላ እጠምቃለሁ፣ ስለዚህ ብቅልን ሰው ሁሉ ሳያነሳ ማለፉ አልገባኝም። ገብሱን ነክሬ በኮባ ቅጠል እጠቀልለዋለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ሥር ብዙ ሆኖ እንደ ጢም ይወጣል። ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ያ ክክ የምትሉት ግን ወጥቶ አላውቅም። ባቄላ ሲበቅል ሁለቱ ግማሽ ይታያል። የገብሱ የት ይሄዳል?

ሌንስ | ሐሙስ ከሰዓት 7፡15

እማማ፣ ከሁላችንም ጥሩ ጥያቄ የጠየቁት እርስዎ ነዎት። የገብሱ ክክ ከዘሩ አይወጣም። ሽሉና ስንቁ መሐል እንደ ጋሻ ተለጥፎ ይቀራል። ሥራው መምጠጥ ነው።

ገብሱ ውሃ ሲያገኝ ሽሉ ከቆዳው ሥር ወዳለው ስስ ሽፋን መልእክት ይልካል። ያ ሽፋን ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም ያወጣል። ክኩ ስኳሩን ይመጥና ለሽሉ ያቀብላል። እርስዎ የሚሸትዎት ጣፋጭ ነገር ያ ነው። እርስዎ ደግሞ በትክክለኛው ቀን አውጥተው ያደርቁታል። ተክሉ ስኳሩን ሳይጨርሰው ኢንዛይሙ እንዳለ ይቀራል፤ ከቂጣው ጋር ሲገናኝም ሥራውን ይቀጥላል። ሥሩ እንደ ጢም መብዛቱ የባለ አንድ ክክ ምልክት ነው። የሚጠቀልሉበት ኮባም ባለ አንድ ክክ ነው፤ ግንድ የሚመስለው ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅልሎ የቆመ አፎት ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ባለ ሁለት ክኩ ጌሾው ብቻ ነው።

የአራት ኪሎ እናት | ዓርብ ማታ 2፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ልጁ ያበበ ሣር በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። መምህሩ ተቀብለው አዩት። «ዛሬ እኔም ተማርኩ» ብለው እርማቱን አስተካከሉለት፣ ክፍሉም ውስጥ አዟዟሩት። ልጁ ከሄደበት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው የነገረኝ።

ማታ ፒያሳ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። እሱ ከመብላቱ በፊት ረድፉን መቁጠር ጀመረ። የሱ 14፣ የኔ 12። ሻጭዋም ገርሟት ሦስት ተጨማሪ አስቆጠረችው። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ሆነ፣ ጎዶሎ አላገኘንም። ለምን? ደግሞ የኔ በቆሎ ጫፉ ላይ ፍሬ የሌለው ባዶ ቦታ ነበረው። «የተበላሸ ነው» ብላ ሌላ ልትሰጠኝ ነበር።

የጤፍ ዛላ | ዓርብ ማታ 3፡10

የልጅዎ ነገር በጣም ደስ አሰኘኝ።

የበቆሎ ሴቴ አበቦች ቆረቆንዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት። ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ረድፉ ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። ወንዴዎቹ ተክሉ አናት ላይ ባለው ዛላ ላይ ናቸው። ቅጠሉን ስትልጡ የሚወጣው ፀጉር ደግሞ ዝም ብሎ ፀጉር አይደለም። እያንዳንዱ ክር ከአንዲት ፍሬ የተነሳ ነው። የአበባ ዱቄት ጫፉ ላይ ሲያርፍ በክሩ ውስጥ ቱቦ ሠርቶ እስከ ታች ይወርዳል። ክሩ አንድ ስንዝር ይበልጣል አንዳንዴ። ባዶ የሆነው ቦታ በቆሎው ተበላሽቶ አይደለም። የጫፉ ክሮች መጨረሻ ነው የሚወጡት፤ ሲወጡ ዱቄቱ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ልጁ ማልዶ መነሳት ከቻለ፣ ደጃፋችሁ አካባቢ በተደጋጋሚ የሚታጨድ ኪኩዩ ሣር ካለ ይፈልግ። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር ነው፣ አበባው ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ማለዳ ላይ ግን ወንዴ ክሮቹን ወደ ላይ ይሰዳል። ከሩቅ ሲያዩት ሣሩ ላይ ነጭ ጸጉር የፈሰሰበት ይመስላል።

የአራት ኪሎ እናት | ቅዳሜ ጠዋት 1፡20

አገኘነው! ቤታችን አጠገብ ባለው ሣር ላይ፣ ጤዛው ሳይደርቅ። ነጭ ክር፣ በጣም ብዙ። ልጁ በሆዱ ተኝቶ እያየው ነው፣ ልብሱ ረጥቧል፣ አልተቆጣሁትም። የጤፍ ዘር ደግሞ ከአያቱ ያመጣነው አለ። በረንዳ ላይ በአሮጌ ባልዲ ልዝራው ይላል። ጋሼ፣ ባልዲው ምን ያህል ጥልቀት ይበቃዋል?

የጤፍ ዛላ | ቅዳሜ ጠዋት 1፡45

አንድ ስንዝር ይበቃል፣ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ዘሩን አትቅበሩት፤ ከላይ በትናችሁ በእጅ ጫን አድርጉት ብቻ። ዛላ ሲያወጣ ጻፉልኝ። እኔም 12፡45 ላይ እዚያው እመጣለሁ፣ መነጽሬን ይዤ።